ኋላ የሚደርሰው ሞገድ

ጀሶው የተፈታ ዕለት ሐኪሙ ራጁን ብርሃን ላይ ሰቅለው ብዙ ቆዩበት። ከዚያ ዞር ብለው አውራ ጣታቸውን ቅልጥሜ ላይ፣ ስብራቱ የነበረበት ጉብታ ላይ አሳርፈው ጫን አደረጉ።

«እዚህ ጋ ያምሻል?»

«ትንሽ።»

«እዚህስ?»

«እሱም ትንሽ ነው፣ ዶክተር።»

ተመልሰው ራጁን አዩ። «ይዟል መሰለኝ» አሉ። «ቢሆንም ሦስት ሳምንት ክራንቹን አትተዪ።»

ያቺን «መሰለኝ» ይዤ ወጣሁ። ሐኪሙን አልተቀየምኳቸውም፤ የሌላቸውን እርግጠኝነት እንዳላቸው ስላላስመሰሉ እስከ ዛሬ አከብራቸዋለሁ። የገረመኝ ነገሩ ራሱ ነበር። ያኔ የምሕንድስና ተማሪ ነኝ። ከመሰበሬ ጥቂት ሳምንታት በፊት ክፍል ውስጥ የተማርነው፣ አንድ የብረት ቧንቧ ላይ የድምፅ ማመንጫ ቀለበት ታስሮበት፣ ሞገዱ የቧንቧውን ግድግዳ ይዞ በአሥር ሜትሮች የሚቆጠር ርቀት ሄዶ የዛገውን ቦታ እንዴት እንደሚያሳብቅ ነው። ቧንቧው ሁሉ ቦታ መቆፈር አያስፈልገውም፤ አንድ ቦታ ላይ መንካት ይበቃል። የእኔ አጥንት ደግሞ ከቆዳዬ ሥር ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ነው ያለው። ረጅም ነው፣ ውስጡ ቦይ ነው፣ ግድግዳው ጠንካራ ነው። ታዲያ ስለ ቧንቧው የምናውቀውን ያህል ስለ እግሬ ለማወቅ አውራ ጣት ለምን አስፈለገ?

ያንን ጥያቄ ስከተል ዓመታት አለፉ። አሁን ሥራዬ ይኸው ሆኗል፦ በረጃጅም አጥንቶች ውስጥ የሚጓዝን የአልትራሳውንድ ሞገድ በኮምፒውተር ሞዴል አድርጎ፣ ስብራቱ ሲጠገን በሞገዱ ላይ የሚመጣውን ለውጥ መከታተል።

አጥንት ሲሰበር መጀመሪያ የሚመጣው ደም ነው። ደሙ በስብራቱ ዙሪያ ይረጋል፤ ሰውነት የሞተውን ስባሪ ማጽዳት ይጀምራል፤ በቀናትና በሳምንታት ውስጥ የረጋው ደም ቦታ በለስላሳ ቲሹ፣ ቀጥሎም በልም አጥንት ይያዛል። ሐኪሞች ካለስ የሚሉት፣ ስብራቱን ዙሪያውን የሚያቅፈው እብጠት ይህ ነው። ቀስ በቀስ ካልሲየም ይገባበትና አዲስ፣ ገና ሥርዓት ያልያዘ አጥንት ይሆናል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ረጅም ነው፤ ትርፉ እየተፋቀ፣ የጎደለው እየተሞላ፣ አጥንቱ ወደ ቀድሞ ቅርጹ እስኪመለስ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይወስዳል። የቅልጥም ስብራት በደንብ እስኪገጥም ከሦስት እስከ ስድስት ወር መፍጀቱ የተለመደ ነው። አንዳንዱ ከዚያም ይዘገያል፤ ጥቂቱ ጭራሽ አይገጥምም።

ራጅ የሚያየው ማዕድኑን ነው። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚካሄደው ሥራ ሁሉ ከራጅ የተሰወረ ነው። ካለሱ ካልሲየም ሲይዝ ጥላው ይወጣል፤ ጥላው ግን ስለ ጥንካሬው የሚናገረው በተዘዋዋሪ ነው። ሐኪሞች ይህን ስለሚያውቁ ንባቡን ወጥ ለማድረግ ደክመዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 ለቅልጥም ስብራት የወጣ የነጥብ አሰጣጥ አለ፤ ከፊትና ከጎን በተነሡ ሁለት ራጆች ላይ አራት የአጥንት ግድግዳዎች ይታያሉ፣ እያንዳንዱም ከ1 እስከ 3 ነጥብ ያገኛል። ካለስ ከሌለ 1፤ ካለስ ኖሮ የስብራቱ መስመር ገና ከታየ 2፤ ካለሱ ድልድይ ሠርቶ መስመሩ ከጠፋ 3። ድምሩ ከ4 እስከ 12 ይደርሳል። ይህን ሥርዓት እወደዋለሁ፤ ሁለት ሐኪሞች ስለ አንድ እግር ሲነጋገሩ መግባቢያ ሰጥቷቸዋል። የሚመዝነው ግን ዓይን ያየውን ብቻ ነው።

አጥንትን ማዳመጥ አዲስ ሐሳብ አይደለም። ሐኪሞች የጉልበትን አጥንት በጣት መታ መታ እያደረጉ፣ ድምፁን ዳሌ ፊት ባለው አጥንት ላይ በስቴቶስኮፕ እያዳመጡ፣ ደህናውን እግር ከተጎዳው ጋር ሲያነጻጽሩ ኖረዋል። የተሰበረው በኩል ድምፁ ይደበዝዛል። እ.ኤ.አ. በ1958 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ተመራማሪዎች በስብራት ላይ አቋርጦ የሚያልፈውን የአልትራሳውንድ ፍጥነት በመለካት ጥገናውን መከታተል እንደሚቻል ጽፈው አሳተሙ። የእኔ ሙያ ከዚያ ዘር የበቀለ ነው።

ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ቀላልነቱም ያስጎመጃል። ከስብራቱ በአንደኛው ወገን ላኪ፣ በሌላው ወገን ተቀባይ በቆዳ ላይ ይቀመጣል። በጠጣሩ የአጥንት ግድግዳ ውስጥ ድምፅ በሰከንድ ወደ 4,000 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ላኪና ተቀባዩ 40 ሚሊሜትር ከተራራቁ ጉዞው 10 ማይክሮሰከንድ ይፈጃል ማለት ነው። አሁን መሐል ላይ የ3 ሚሊሜትር ክፍተት አለ እንበል፤ ክፍተቱንም የረጋ ደም ሞልቶታል። በደም ውስጥ የድምፅ ፍጥነት በሰከንድ 1,500 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ያቺ 3 ሚሊሜትር ብቻዋን 2 ማይክሮሰከንድ ትወስዳለች። ደህና አጥንት ቢሆን 0.75 ይበቃት ነበር። ጠቅላላው 11.25 ማይክሮሰከንድ ይሆናል፤ ፍጥነቱን ስናሰላው ወደ 3,550 ዝቅ ብሎ እናገኘዋለን። ከጊዜ በኋላ ክፍተቱ ገና ባልጠነከረ አዲስ አጥንት ተሞልቶ በዚያ ውስጥ ድምፅ በሰከንድ 3,000 ሜትር ቢሄድ፣ ድምሩ ወደ 10.25 ይወርዳል፣ ፍጥነቱም ወደ 3,900 ይመለሳል። ቁጥሩ ሲወርድ ስብራት፣ ሲወጣ ጥገና! መጀመሪያ ይህን በወረቀት ያሰላሁ ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በማግስቱ ሥጋውን አስታወስኩ።

ሞገዱ ከላኪው ወጥቶ አጥንቱ ጋ ለመድረስ ቆዳና ሥጋ ማቋረጥ አለበት፤ ሲመለስም እንዲሁ። በሥጋ ውስጥ ፍጥነቱ በሰከንድ 1,540 ሜትር ገደማ ነው። ሞገዱ ወደ አጥንቱ ዘልቆ በአጥንቱ ላይ እንዲንሸራተት 23 ዲግሪ ገደማ አዘንብሎ መግባት ይኖርበታል፤ ይህንን የሚወስነው የሁለቱ ፍጥነቶች ሬሾ ነው። ሒሳቡ ሲሠራ እያንዳንዱ ተጨማሪ ሚሊሜትር ሥጋ 0.6 ማይክሮሰከንድ ያህል ያዘገየዋል። ከላኪው ሥር አንድ ሚሊሜትር፣ ከተቀባዩ ሥር አንድ ሚሊሜትር እብጠት ቢኖር መዘግየቱ 1.2 ይሆናል። የስብራቱ መዘግየት ስንት ነበር? 1.25። የተሰበረ እግር ደግሞ ያብጣል፤ እብጠቱም በየሳምንቱ ይቀንሳል። እንግዲህ የእብጠትን መጉደል የአጥንት መጠገን አድርጎ የሚያነብ መሣሪያ ይዤ ሐኪም ፊት ልቀርብ ነበር ማለት ነው።

ለዚህ መላ አለው። ተቀባዮቹን ብዙ አድርጎ በመካከላቸው ያለውን የጊዜ ልዩነት ብቻ መውሰድ፣ ከዚያም ሞገዱን ከሁለቱም ጫፍ፣ ወዲያና ወዲህ ልኮ አማካዩን መያዝ፤ ያን ጊዜ የቆዳው መዘንበል የሚያመጣው ስሕተት አብዛኛው ይጣፋል። ይህን መንገድ ያሰቡ ሰዎች ትልቅ ውለታ ውለውልናል። እኔን ግን ከዚህ የበለጠ ያሳሰበኝ ሌላ ነገር ነበር፤ ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝም እሱ ነው።

ቀድሞ የሚደርሰው ሞገድ የሚያየው የላይኛውን ነው። በአንድ ሜጋኸርዝ ድግግሞሽ፣ ማለትም በሰከንድ አንድ ሚሊዮን ጊዜ ሲርገበገብ፣ የሞገዱ ርዝመት 4 ሚሊሜትር ነው፤ የቅልጥም ግድግዳ ውፍረትም እዚያው አካባቢ ይገኛል። እንዲህ ሲሆን ቀዳሚው ሞገድ ከግድግዳው የውጭ ገጽ ሥር ያለውን ስስ ሽፋን ይዞ ይሮጣል፤ የጥልቁን ነገር አያውቅም። ካለሱ ከውጭ በኩል ስስ ድልድይ እንደሠራ ሞገዱ በዚያ ላይ ይሻገራል፤ ፍጥነቱ ወደ ደህናው አጥንት ይጠጋል፤ ቁጥሩ «ድኗል» ይላል። ከሥሩ ያለው የግድግዳ ክፍል ግን ገና ልም አጥንት ሊሆን ይችላል። ሰው በዚያ ላይ ሙሉ ክብደቱን ቢጥልበት ምን እንደሚሆን ማሰብ አያስቸግርም።

ከቀዳሚው በኋላ ግን ሌሎች ይመጣሉ። በመለኪያው ስክሪን ላይ መጀመሪያ ትንሽ ጭረት ትታያለች፤ ከዚያ ወዲያ ረጅም፣ የተዘበራረቀ፣ እየተነሣ የሚወድቅ ማዕበል ይከተላል። ብዙ ጊዜ ይህን ጅራት ቆርጠን እንጥለው ነበር። የሞገዱ ጉልበት አብዛኛው ያለው ግን እዚያ ነው።

ጅራቱ የተመሪ ሞገዶች ጉባኤ ነው። ተመሪ የምለው አጥንቱ ራሱ እንደ ቦይ ስለሚመራቸው ነው። ድምፁ ከውጭኛው ገጽ ወደ ውስጠኛው፣ ከውስጠኛው ወደ ውጭኛው እየነጠረ ይሄዳል። በነጠረ ቁጥር ከራሱ ጋር ይገናኛል፤ ሲገናኝ የሚስማማው ይጸናል፣ የማይስማማው ይጠፋል። የጸኑት ሞድ ይባላሉ። ሆሬስ ላምብ የተባለው እንግሊዛዊ የሒሳብ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1917 በአንድ ዝርግ ሰሌዳ ውስጥ የትኞቹ ሞዶች ሊኖሩ እንደሚችሉ የሚወስነውን ሒሳብ አሳተመ። አጥንት አስቦ አልነበረም፤ አጥንትን የምናዳምጥ ሰዎች ግን ዛሬም በየቀኑ ስሙን እንጠራለን። ውስጡ ባዶ ለሆነ ቱቦ፣ በሦስቱም አቅጣጫ የሚሠራው መፍትሔ እ.ኤ.አ. በ1959 ዴኖስ ጋዚስ ከተባለ ተመራማሪ መጣ።

ከላምብ ሞዶች ሁለቱ በየትኛውም ድግግሞሽ አይጠፉም። አንዱ ሰሌዳውን ከሁለት ወገን እኩል እያሳበጠና እያከሳ የሚሄደው ነው፤ ሌላው ሰሌዳውን እንደሚራገፍ ጨርቅ እያጎበጠ የሚሄደው ነው። በመጀመሪያው ውስጥ ዝቅተኛ ድግግሞሽ ላይ ፍጥነቱ በእኔ ቁጥሮች በሰከንድ 3,200 ሜትር ያህል ነው። ሁለተኛው፣ ጎባጩ፣ የተለየ ጠባይ አለው፤ በዝቅተኛ ድግግሞሽ በጣም ዘገምተኛ ነው፣ ፍጥነቱም የሚወሰነው በግድግዳው ውፍረት ነው። ውፍረቱ አራት እጥፍ ሲሆን ፍጥነቱ ሁለት እጥፍ ይሆናል። ድግግሞሹ እየጨመረ ሲሄድ ሁለቱም ወደ አንድ ፍጥነት፣ በገጽ ላይ ብቻ ወደሚሄደው የሬይሊ ሞገድ፣ ወደ 1,690 ሜትር ይጠጋጋሉ። በመሐል ሌሎች ሞዶች በየተራ ይወለዳሉ፤ ለ4 ሚሊሜትር ግድግዳ ሦስተኛው ብቅ የሚለው 225 ኪሎኸርዝ አካባቢ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ያለው እዚህ ነው። በአየር ውስጥ የሚሄድ ድምፅ ወፍራሙም ቀጭኑም እኩል ነው የሚደርሰው፤ ባይሆን ኖሮ ከሩቅ የሚሰማ ዘፈን ውሉ በጠፋብን። በአጥንት ቦይ ውስጥ ግን እያንዳንዱ ድግግሞሽ የራሱ ፍጥነት አለው። አብረው የተነሡ መንገደኞች እየሄዱ ሲበታተኑ፣ ከሩቅ የሚያይ ሰው በመበታተናቸው ብቻ መንገዱ ዳገት መሆኑን፣ የት ላይ እንደጠበበ ሊገምት ይችላል። ጅራቱ የተዘበራረቀ የሚመስለው ለዚህ ነው። የመዘበራረቁ ሥርዓት ግድግዳው ምን ያህል ወፍራም እንደሆነና ምን ያህል ግትር እንደሆነ ይዟል፤ ቀዳሚው ሞገድ ያልነገረንን ማለት ነው።

ጅራቱን ለመፍታት አንድ ተቀባይ አይበቃም። በአንድ መስመር ብዙ ተቀባዮች ይደረደራሉ፤ የሰሙት ሁሉ በጊዜም በርቀትም ወደ ድግግሞሽ ይተረጎማል። ይህ ሁለት ጊዜ የሚደረግ፣ የፉሪየር ትርጉም የሚባለው ስሌት ለብረት ሰሌዳዎች እ.ኤ.አ. በ1991 ተብራርቶ ቀርቦ ነበር። ዝብርቅርቁ በድንገት ይጠራና ጥቁር ሰሌዳ ላይ ብሩህ ኩርባዎች ይወጣሉ፤ እያንዳንዱ ኩርባ አንድ ሞድ ነው። ኩርባዎቹን ከላምብ ወይም ከቱቦው ስሌት ጋር እያስተያየን ውፍረቱንና ግትርነቱን እናነባለን። ለመጀመሪያ ጊዜ እነዚያ መስመሮች ሲወጡ ያየ ሰው አይረሳቸውም።

የእኔን የመጀመሪያ መስመሮች ያየሁት በኮምፒውተር ውስጥ በሠራሁት አጥንት ላይ ነው። ሞዴል ስንል ቀላል ይመስላል፤ አጥንቱ በጥቃቅን ነጥቦች መረብ ይከፈልና የእያንዳንዱ ነጥብ እንቅስቃሴ ከጎረቤቶቹ ጋር እየተያያዘ በደረጃ ይሰላል። በአንድ ሜጋኸርዝ በሥጋ ውስጥ የሞገዱ ርዝመት 1.5 ሚሊሜትር ያህል ስለሆነ፣ ለአንዱ ሞገድ 15 ነጥብ ብንሰጥ ነጥቦቹ በ0.1 ሚሊሜትር ይራራቃሉ። 100 ሚሊሜትር ርዝመትና 30 ሚሊሜትር ከፍታ ያለው አንድ ስንጣሪ ብቻ 300,000 ነጥብ ይፈልጋል። ጊዜውም መቆራረስ አለበት፤ ሞገዱ በአንድ እርምጃ ከጎረቤት ነጥብ አልፎ እንዳይዘል እያንዳንዷ እርምጃ ከ0.018 ማይክሮሰከንድ መብለጥ የለባትም። 60 ማይክሮሰከንድ ለመከታተል 3,400 እርምጃ ማለት ነው። ሙሉውን፣ በሦስት አቅጣጫ ልሥራው ሲባል ነጥቦቹ 90 ሚሊዮን ይሆናሉ።

የመጀመሪያው ሞዴሌ የሚያምር ነበር። ኩርባዎቹ ከላምብ ስሌት ላይ በፀጉር ስፋት እንኳ አልራቁም። አማካሪዬ ጋ ይዤ ሄድኩ። ብዙ አዩትና «ሥጋው የታለ?» አሉኝ። ያንን ሁሉ ሒሳብ ስለ እብጠት ሠርቼ፣ አጥንቱን ባዶ ሕዋ ውስጥ አንሳፍፌው ነበር። በአንድ በኩል ሥጋ፣ በውስጥ በኩል መቅኔ ጨምሬ ስመለስ መስመሮቹ ደበዘዙ። ሞገዱ ከአጥንቱ ወደ ሥጋው ይፈስሳል፤ በሄደ ቁጥር ይደክማል። ሥጋው ራሱም ሞገድ ይመራና የአጥንት ያልሆኑ አዳዲስ መስመሮችን ያስገባል። ከፊሉ የአጥንት ሞድ በእነዚህ ውስጥ ተደብቆ ይቀራል። ያ ሳምንት ከባድ ነበር፤ ሆኖም ከዚያ በኋላ የሠራሁት ሁሉ እምነት የሚጣልበት የሆነው በዚያ ጥያቄ ምክንያት ነው።

አጥንቱም እንደ ብረት በሁሉም አቅጣጫ አንድ አይደለም። በርዝመቱ ግትርነቱ ወደ 20 ጊጋፓስካል ሲጠጋ፣ በወርዱ 12 አካባቢ ነው። የቅልጥም አጥንት ደግሞ ክብ ቱቦ አይደለም፤ ሲቆረጥ ሦስት ማዕዘን ይመስላል። ከሦስቱ ገጾች አንዱ፣ የውስጠኛው፣ ጡንቻ ሳይሸፍነው በቀጥታ ከቆዳ ሥር ይገኛል። የምንለካው እዚያ ላይ ነው። ሐኪሙ አውራ ጣታቸውን ያሳረፉትም እዚያው ነበር።

ካለሱን ሞዴል ማድረግ የተለየ ጉዳይ ነው። በግሪክ የኢዮአኒና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 እና በ2007 ባሳተሟቸው ሥራዎች ካለሱን እንደ አንድ ወጥ ነገር ከመቁጠር ይልቅ ስድስት የተለያዩ የአጥንት አፈጣጠር ክልሎች ያሉት አድርገው ወስደው፣ ጥገናውንም በደረጃ አስኬዱት፤ በኋላም በሦስት አቅጣጫ ሠሩት። እነዚህን ጽሑፎች ደጋግሜ አንብቤያለሁ። ያስተማሩኝ ትልቁ ነገር፣ ለደህና ሰሌዳ ወይም ለደህና ቱቦ የተሠራ ኩርባ ለተሰበረ አጥንት ብቻውን እንደማይበቃ ነው። ካለሱ ያብጣል፣ ጠርዙ ያልተስተካከለ ነው፣ ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ ሞገዱ እዚያ ሲደርስ የነበረውን ሞድ ይዞ አይወጣም።

እኔን የያዘኝም ይህ የሞድ መለወጥ ነው። እኩል እያሳበጠና እያከሳ የሚሄደው ሞድ፣ ከላይም ከታችም አንድ ዓይነት የሆነ መሰናክል ቢገጥመው ከፊሉ ይመለሳል፣ ከፊሉ ያልፋል፣ ያለፈው ግን ያው ራሱ ነው። መሰናክሉ ከላይ አንድ፣ ከታች ሌላ ከሆነ ግን ከፊሉ ወደ ጎባጩ ሞድ ይለወጣል። አሁን ያንን በውጭ በኩል ድልድይ የሠራ፣ በጥልቁ ግን ገና ያልጠነከረ ስብራት አስቡት። ከላይ አጥንት፣ ከታች ልም አጥንት። ቀዳሚው ሞገድ «ድኗል» ባለበት በዚያው ቅጽበት፣ ኋላ የሚደርሰው ጎባጭ ሞገድ ከሌላው ተለውጦ የመጣ ጉልበት ተሸክሞ ይመጣል። በሞዴሌ ውስጥ ክፍተቱን ከላይ ወደ ታች ደረጃ በደረጃ ሳጠነክር ያየሁት ይህን ነው፤ የፍጥነቱ ቁጥር በመጀመሪያዎቹ ደረጃዎች ወጥቶ ቆመ፣ የተለወጠው ጉልበት ግን መጠኑ ጥልቁ እየጠነከረ ሲሄድ ገና ይቀያየር ነበር።

ደስታዬን ያዝ ያደረገው ካለሱ ራሱ ነው። ካለሱ ከውጭ በኩል አብጦ ስለሚቆይ፣ ጥልቁ ሙሉ በሙሉ ከጠነከረ በኋላም መሰናክሉ ከላይና ከታች አንድ አይሆንም። እብጠቱ እስኪፋቅ ድረስ የሞድ ለውጡ ይቀጥላል። ስለዚህ የቀረውን ለውጥ ሁሉ የድክመት ምልክት አድርጎ ማንበብ ስሕተት ነው። ቅርጽ የሚያመጣውንና ልስላሴ የሚያመጣውን መለየት አለብን። ድግግሞሹን መቀየር ይረዳል፤ ሁለቱ በድግግሞሽ ላይ አንድ ዓይነት ጠባይ የላቸውም። አሁን የምሠራው በዚህ ላይ ነው፤ ገና አላለቀም።

ሰዎች ብዙ ጊዜ «ታዲያ ሆስፒታል ውስጥ ለምን የለም?» ይሉኛል። ከነገርኳችሁ በተጨማሪ ብረት አለ። ብዙ የቅልጥም ስብራት ዛሬ የሚታሰረው በመቅኔው ቦይ በሚገባ ዘንግ ወይም በጎን በሚገጠም ሰሌዳ ነው። በቲታኒየም ውስጥ ድምፅ በሰከንድ 6,000 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ሰሌዳ በተገጠመበት እግር ላይ ቀድሞ የሚደርሰው የአጥንቱ ሳይሆን የብረቱ ሞገድ ሊሆን ይችላል። አንዳንዶች ይህን ሁሉ ለማለፍ ትናንሽ ላኪና ተቀባዮችን አጥንቱ አጠገብ ቀብረው በበጎች ላይ ሞክረዋል፤ ለሰው ግን ቆዳ ሳይቀደድ የሚሆነውን እመርጣለሁ።

ሌላም የሚምታታ ነገር አለ፤ አልትራሳውንድ ስብራትን ያድናል የሚባለው። እሱ የተለየ ጉዳይ ነው። በ1.5 ሜጋኸርዝ፣ በካሬ ሴንቲሜትር 30 ሚሊዋት፣ በቀን 20 ደቂቃ የሚሰጥ ሕክምና እ.ኤ.አ. በ1994 አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ አግኝቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ትልቅ ሙከራ ግን በቀዶ ሕክምና በተያዙ የቅልጥም ስብራቶች ላይ ጥቅም አላገኘበትም። እኛ የምንልከው ሞገድ ለማዳን አይደለም፤ ለመጠየቅ ነው።

ባለፈው ጊዜ ቤተ ሙከራ ውስጥ በአንድ መስመር የተደረደሩ ተቀባዮች ያሉት አዲስ መሣሪያ ሲመጣ፣ ከሌሎች ሰዎች በፊት በራሴ ላይ ልሞክረው አልኩ። ሱሪዬን ሰብስቤ ቀዝቃዛውን ጄል ቅልጥሜ ላይ ቀባሁ። ጉብታው ዛሬም በጣት ይገኛል። መጀመሪያ ደህናውን እግሬን ለካሁ፣ ከዚያ የተሰበረውን፤ ወዲያና ወዲህ፣ ደጋግሜ። ቀዳሚው ሞገድ በሁለቱም እግር በመለኪያው ስሕተት ውስጥ አንድ ነው። በቁጥሩ ብቻ ብንሄድ አጥንቴ ተሰብሮ አያውቅም። ጅራቱ ግን ተለያየ። በተሰበረው በኩል ጎባጩ ሞገድ ፈጠን ይላል፤ ግድግዳው እዚያ ጋ ወፍሯል ማለት ሊሆን ይችላል።

ሊሆን ይችላል ነው የምለው። ብዙ ሰዓት ሁለቱን ሥዕል ጎን ለጎን አድርጌ ካየሁ በኋላ የገባኝ፣ የሰው ሁለት እግሮች ከመሰበራቸው በፊትም ፈጽሞ አንድ እንዳልነበሩ ነው፤ የእኔን ደግሞ ያኔ የለካ ሰው አልነበረም። የደህናውን እግር መለኪያ እንደ መነሻ ስወስድ የነበረው፣ ሌላ መነሻ ስለሌለ ብቻ ነው። ለሚቀጥለው ጥናት ባዘጋጀነው መመሪያ ላይ አንድ መስመር ጨመርን፦ ታካሚው በመጣ በመጀመሪያው ቀን፣ እብጠቱ ሳይለወጥ፣ ሁለቱም እግሮች ይለኩ፤ በደህናው ላይ ደግሞ ከስብራቱ ትይዩ በሆነው ቦታ፣ በየሳምንቱ፣ በተመሳሳይ ሰዓት። ደህናውም እግር በክራንች ዘመን ብቻውን ሸክም ስለሚይዝ ሊለወጥ ይችላልና። ይህን የምናውቀው ለክተን እንጂ ገምተን አይደለም እንድል፣ የእኔን ሁለት ቅልጥሞች ከዚያን ዕለት ጀምሮ ሰኞ ሰኞ ጠዋት እለካቸዋለሁ።